«ማን አበላሸው?» ከማለት በፊት
የልብስ ማጠቢያ መኪና ውሃ አላወጣ ሲል ምን ይደረጋል?

ዕለቱ ቅዳሜ፣ ወሩ ጥቅምት፣ ዓመቱ 2016 ዓ.ም. ነበር። በአዲስ አበባ ከተማ በአንድ የጋራ መኖሪያ ሕንፃ ውስጥ የምትኖር የሦስት ልጆች እናት ግማሽ ቀን ሠርታ ወደ ቤቷ ስትመለስ ያልጠበቀችው ነገር ገጠማት። ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ የጀመረው የልብስ ማጠቢያ መኪና ከቀትር በኋላም አልጨረሰም። በመስተዋት በሩ በኩል ሲታይ፣ ለሰኞ የሚፈለጉት የልጆቹ የደንብ ልብሶች በደፈረሰ ውሃ ውስጥ ተዘፍቀዋል። መኪናው ውሃውን በሆዱ እንደያዘ ከማጉረምረም በቀር የሚሠራው ሥራ የለም፤ በሩም አልከፈት ብሏል።

በመታጠቢያ ቤቱ ደጃፍ ላይ፣ በቤቱ ውስጥ በሠራተኛነት የምትረዳው የ19 ዓመት ወጣት አንገቷን ደፍታ ቆማለች። «እትዬ፣ እኔ ምንም አልነካሁም፤ እንደ ሁልጊዜው ነው የሞላሁት» ትላለች። አባወራው ግን ፍርዱን ሰጥቶ ጨርሷል። «አብዝታ ጠቅጥቃው ነው፤ ከደመወዟ ይቀነሳል» ብሏል። በስልክ ተጠርቶ የመጣ አንድ ጠጋኝም አንዲት ብሎን እንኳ ሳይፈታ «ዋናው ካርድ ተቃጥሏል» በማለት ከወጣቷ የስድስት ወር ደመወዝ የሚበልጥ ገንዘብ ጠየቀ።

«ሳያጣሩ ወሬ፣ ሳይገሉ ጎፈሬ» ይላሉ አበው። ይህችው እናት የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሥራ ባልደረባ ስትሆን፣ የሆነውን ሁሉ ያጫወተችን ከነፍጻሜው ነው። ከእርሷ ታሪክ ጋር በማያያዝ፣ ይህን የመሰለ ችግር በማንኛውም ቤት ቢደርስ የብልሽቱን ምክንያት በቅደም ተከተል እንዴት ማግኘት እንደሚቻል፣ አስፈላጊም ሲሆን ፓምፑን እንዴት መለወጥ እንደሚቻል ከዚህ በታች እናብራራለን።

መመልከትም ሙያ ነው

ልብስ ማጠብ በአገራችን ከጥንት ጀምሮ በእናቶችና በእኅቶች ትከሻ ላይ የወደቀ ሥራ ነው። ወንዝ ወርዶ፣ እንዶድ ወቅጦ፣ ድንጋይ ላይ አሽቶና ወቅቶ፣ አስጥቶና አጥፎ መመለስ የአንድ ሙሉ ቀን ድካም ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ እ.ኤ.አ. በ1964 በአድዋ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ሥፍራ ዝቅ ብሎ የሞቱ ቀንድ አውጣዎች በብዛት መኖራቸውን አስተዋሉ። የቢልሃርዝያን በሽታ አስተላላፊ ቀንድ አውጣዎች ለመግደል እንዶድ እንደሚረዳ የታወቀው ከዚያ በመነሣት ነው። ከልብስ ማጠቢያ ሥፍራ ላይ በማስተዋል ብቻ ይህን ያህል እውቀት ከተገኘ፣ በመታጠቢያ ቤታችን ውስጥ የቆመውን መኪና ቀረብ ብሎ ለመመልከት የምንፈራበት ምክንያት አይኖርም።

ይሁን እንጂ በብዙ ቤቶች «መኪና የወንድ ሥራ ነው» የሚለው አስተሳሰብ አሁንም አልጠፋም። መኪናውን በየሳምንቱ የምትሞላው፣ ድምፁን ለይታ የምታውቀው፣ ሲቆምም የምትጎዳው ሴቲቱ ስትሆን፣ ክዳኑን መክፈት ግን የሌላ ሰው ድርሻ ተደርጎ ይቆጠራል። ይህ ልማድ ኪስን ይጎዳል፤ አንዳንድ ጊዜም እንደምናየው ያልበደለን ሰው ያስወቅሳል።

ውሃው እንዴት ይወጣል?

መኪናው አጥቦ ሲጨርስ ቆሻሻው ውሃ ከከበሮው ሥር ባለ ወፍራም የጎማ ቱቦ አድርጎ ወደ ማጣሪያው ይወርዳል። ማጣሪያው የልብስ ቁልፍ፣ ሳንቲም፣ መርፌና የክር ብጥስጣሽ እንዲያስቀር የተቀመጠ ወንፊት መሳይ ነገር ነው። ከማጣሪያው በስተጀርባ ፓምፑ አለ። ፓምፑም ውሃውን በቀጭኑ የማፍሰሻ ቱቦ ወደ ላይ ገፍቶ ወደ ፍሳሹ ይልከዋል።

ፓምፑ ሲታይ ከሰው ጭብጥ ብዙም የማይበልጥ ትንሽ ሞተር ነው። በአብዛኞቹ መኪናዎች የሚገኘው ዓይነት 30 ዋት ያህል ኤሌክትሪክ ብቻ ይወስዳል። በውስጡ የመዳብ ሽቦ ጥቅልና በጥቅሉ መካከል የሚሽከረከር ማግኔት አለው። በማግኔቱ ጫፍ ላይ ክንፎች ያሏት ትንሽ የፕላስቲክ መዘውር ተተክላለች። የአገራችን ኤሌክትሪክ 220 ቮልት፣ በሰከንድ 50 ዙር በመሆኑ፣ ይህ ዓይነቱ መዘውር በደቂቃ እስከ 3000 ጊዜ ይሽከረከራል። እንግዲህ በዚህ ፍጥነት በሚዞሩ የፕላስቲክ ክንፎች መካከል አንድ ሳንቲም ቢገባ ምን ሊደርስ እንደሚችል መገመት አያዳግትም።

ድምፁን ማዳመጥ

የፓምፑን ሕመም ለማወቅ የመጀመሪያው መሣሪያ ጆሮ ነው። መኪናው ውሃ ሊያወጣ በሚገባው ሰዓት፣

አንደኛ፦ እያጉረመረመ ውሃው የማይንቀሳቀስ ከሆነ፣ ኤሌክትሪክ ወደ ፓምፑ እየደረሰ ነው ማለት ነው። ነገር ግን መዘውሯ በአንድ ነገር ተይዛለች፣ ወይም መተላለፊያው ተደፍኗል፣ ወይም ፓምፑ ውስጡ ተጎድቷል።

ሁለተኛ፦ ጠጠር በቆርቆሮ ውስጥ እንደሚንቃጨል ያለ ድምፅ የሚሰማ ከሆነ፣ በክንፎቹ መካከል ጠንካራ ነገር ገብቷል።

ሦስተኛ፦ ጨርሶ ጸጥ ካለ፣ የፓምፑ ሽቦ ተቃጥሎ ወይም ኤሌክትሪክ ወደ ፓምፑ ሳይደርስ ቀርቶ ሊሆን ይችላል።

አራተኛ፦ ፓምፑ በደንብ እየዞረ ውሃው በዝግታ የሚወጣ ከሆነ፣ ቱቦው ታጥፏል ወይም ማጣሪያው በክር ተሞልቷል።

የባልደረባችን መኪና ያጉረመርም ነበር። ስለዚህ ጠጋኙ «ካርዱ ተቃጥሏል» ማለቱ ገና ከመነሻው ጥያቄ የሚያስነሣ ነበር። ለዚህ ያነቋት በዚያው ሕንፃ የሚኖሩ፣ ጡረታ የወጡ አንድ የኤሌክትሪክ ባለሙያ ናቸው። በደረጃው ላይ ተገናኝተው ችግሯን ብታጫውታቸው፣ «ልጄ፣ ካርዱ ቢሞት ኖሮ ፓምፑ ድምፅ ባላሰማ ነበር። ገንዘብሽን ሳትከፍይ መጀመሪያ ማጣሪያውን ክፈቺ» አሏት። እርሷም «ጋሼ፣ እኔ እንዴት አድርጌ?» አለች። «ሌላ ማን ሊከፍተው ነው? ይልቅ ሶኬቱን መንቀሉን አትርሺ» ብለው መለሱላት።

ከሁሉ በፊት ጥንቃቄ

ውሃና ኤሌክትሪክ አብረው ባሉበት ቦታ ጥንቃቄ የሥራው መጀመሪያ ነው። መኪናውን በማጥፊያው ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ሶኬቱ ከግድግዳው መነቀል አለበት። እጅ ደረቅ ይሁን፤ እርጥብ ወለል ላይ በባዶ እግር አይቆም። የውሃው ቧንቧ ይዘጋ። መኪናው በሙቅ ውሃ እያጠበ ከነበረ፣ ውሃው ቆዳ እንዳያቃጥል እስኪቀዘቅዝ መጠበቅ ያስፈልጋል። ሕፃናት ከአካባቢው ይራቁ። በሩን በጉልበት ለመክፈት መሞከርም አይገባም፤ ቢከፈትም ወለሉን በውሃ ከማጥለቅለቅ በቀር ጥቅም የለውም።

መኪናው ሲነኩት የሚነዝር ከሆነ፣ የመቃጠል ሽታ ካለው፣ ወይም ሲከፈት የቤቱን መብራት የሚያጠፋ ከሆነ ሶኬቱ ተነቅሎ ባለሙያ ይጠራ። በዋስትና ላይ ያለ አዲስ መኪና ከሆነም ማጣሪያውን ከማጽዳት አልፎ ብሎን መፍታት ዋስትናውን ሊያሳጣ ስለሚችል ወደ ሻጩ መመለስ ይሻላል።

ከቀላሉ ወደ ከባዱ

ብልሽት ሲፈለግ ምንጊዜም ከቀላሉ መጀመር ያሻል። በቅድሚያ በመኪናው ጀርባ ያለው የማፍሰሻ ቱቦ ይታይ። መኪናው ወደ ግድግዳው ሲገፋ ቱቦው ታጥፎ ወይም ተጨፍልቆ ሊሆን ይችላል። በአብዛኞቹ መኪናዎች የቱቦው ጫፍ ከወለሉ ከ60 እስከ 100 ሳንቲሜትር ከፍታ ላይ መያያዝ አለበት። ከዚህ በጣም ከፍ ካለ ፓምፑ ይደክማል፤ መሬት ላይ ከተጣለም ውሃው ገና ሳያጥብ ይፈስሳል። ቱቦው ከእጅ መታጠቢያው ፍሳሽ ጋር የተያያዘ ከሆነ፣ ያ ፍሳሽ ራሱ ተደፍኖ እንደሆነ ይጣራ።

ቀጥሎ አንድ ቀላል ፈተና አለ። ሶኬቱ እንደተነቀለ፣ የቱቦው ጫፍ ከፍሳሹ ወጥቶ ወለሉ ላይ በተቀመጠ ሳፋ ውስጥ ዝቅ ይደረግ። ውሃ በተፈጥሮው ወደ ታች ስለሚወርድ፣ መተላለፊያው ክፍት ከሆነ ያለ ፓምፕ እርዳታ ራሱ መፍሰስ ይጀምራል። እንዲህ ከሆነ የሚጠረጠረው ፓምፑ ነው። ጠብ ጠብ ብሎ የሚቆም ወይም ጨርሶ የማይመጣ ከሆነ ግን በማጣሪያው ወይም በቱቦው ውስጥ የደፈነው ነገር አለ ማለት ነው።

በባልደረባችን ቤት ውሃው ጥቂት ጠብ ጠብ ብሎ ቆመ። ስለዚህ ቀጣዩ ተራ የማጣሪያው ሆነ።

ማጣሪያው ሲከፈት

ልብሱ በፊት ለፊት በር በኩል በሚገባባቸው መኪናዎች ላይ፣ ማጣሪያው የሚገኘው በአብዛኛው ከፊት በኩል፣ በስተግርጌ ባለች ትንሽ በር ውስጥ ነው። በሯ በጥፍር ወይም በማንኪያ እጀታ ትከፈታለች። በውስጧ አንድ ትልቅ ክብ ክዳን ይታያል። በአንዳንዶቹም ከጎኑ ጫፏ በውታፍ የተዘጋ ቀጭን ቱቦ አለች፤ እርሷ ካለች ሳህን ላይ ተጎትታ ውታፏ ሲወጣ ውሃው በእርጋታ ይፈስሳል።

ትንሿ ቱቦ ከሌለች፣ ከሥር ዝርግ ሳህን ይደረግና ወለሉ ላይ አሮጌ ጨርቆች ይነጠፋሉ። ከዚያም ክዳኑ ከቀኝ ወደ ግራ በጥቂቱ ብቻ ይዞራል። ውሃው ሲመጣ ሳህኑ እስኪሞላ ይጠበቅና ክዳኑ መልሶ ይጠብቃል፤ ሳህኑም ባልዲ ውስጥ ይገለበጣል። ይህ ደግሞ ደጋግሞ ይደረጋል። በከበሮው ውስጥ ያለው ውሃ ከአንድ ባልዲ ሊበልጥ ስለሚችል ክዳኑን በአንድ ጊዜ ፈትቶ ማውጣት ወለሉን ያጥለቀልቃል። ሥራው ትዕግሥት እንጂ ጉልበት አይጠይቅም።

ባልደረባችን ክዳኑን ስታላላ፣ ወጣቷ ሳህኑን እየተቀበለች ትደፋ ነበር። ሁለቱም ብዙ አልተነጋገሩም። ውሃው አልቆ ክዳኑ ሲወጣ፣ ከማጣሪያው ጋር አንድ እፍኝ የሚሞላ ጥቁር ነገር ተጎትቶ ወጣ። በውሃ ሲታጠብ አብዛኛው የነጠላ ዘርፍ ክር መሆኑ ታየ። በክሩ ውስጥ ተጠቅልለው አንድ የፀጉር መርፌ፣ አንድ የሸሚዝ ቁልፍና ሁለት የአንድ ብር ሳንቲሞች ተገኙ። የፀጉር መርፌው የእናትየዋ ነበር። ሳንቲሞቹ ከሱሪ ኪስ የወጡ ናቸው፤ በዚያ ቤት ሳንቲም በሱሪ ኪሱ የሚይዘው ደግሞ አባወራው ብቻ ነው።

ማጣሪያው ከወጣ በኋላ የገባበት ቀዳዳ በባትሪ መብራት ይታያል። በመጨረሻው ላይ የፓምፑ መዘውር ትታያለች። ሶኬቱ እንደተነቀለ መሆኑ ዳግመኛ ከተረጋገጠ በኋላ በእንጨት ወይም በእርሳስ ጫፍ ቀስ ብሎ ማዞር ይቻላል። ጤነኛ መዘውር ስትዞር በማግኔቱ ምክንያት ያዝ ለቀቅ እያደረገች ዘለል ዘለል ትላለች፤ ይህ ብልሽት አይደለም። ጨርሶ የማትዞር ከሆነ፣ ወይም ያለ አንዳች መያዝ ዝም ብላ የምትሽከረከር ከሆነ፣ ወይም ክንፏ የተሰበረ ከሆነ ግን ፓምፑ አብቅቶለታል።

ባትሪውን የያዘችው ወጣቷ ነበረች። «እትዬ፣ አንደኛው ክንፍ የለም» ያለችውም እርሷ ናት። የተሰበረው ክንፍ ተፈልጎ ከክሩ ውስጥ ተገኘ። ሳንቲሞቹ ከማጣሪያው አልፈው ገብተው በክንፎቹ ላይ ጉዳት አድርሰዋል።

ብዙ ጊዜ ግን ማጣሪያውን ማጽዳት ብቻ ይበቃል። ስለዚህ ማጣሪያው በደንብ ታጥቦ፣ የክዳኑ የጎማ ቀለበት ተጠርጎ፣ በቦታው ተመልሶ ከጠበቀ በኋላ ሁለት ሊትር ያህል ውሃ በከበሮው ውስጥ ይጨመራል። ሶኬቱ በደረቅ እጅ ይሰካና መኪናው ውሃ እንዲያወጣ ይታዘዛል። ውሃው ከወጣና በክዳኑ ዙሪያ ካልተንጠባጠበ ሥራው አልቋል።

ፓምፑ ራሱ ሲሞት

ማጣሪያው ጸድቶ፣ ቱቦው ተፈትሾ ውሃው አሁንም ካልወጣ ፓምፑን መመርመር ያስፈልጋል። ለዚህ ቴስተር የሚባለው የኤሌክትሪክ መለኪያ ይጠቅማል። መለኪያው ኦም ወደሚለካበት ቦታ ይዞራል። ሶኬቱ እንደተነቀለ ወደ ፓምፑ የሚገቡት ሁለት ሽቦዎች ከፓምፑ ይላቀቁና የመለኪያው ሁለት ጫፎች የፓምፑን ሁለት መሰኪያዎች ይነካሉ። በእንደዚህ ያሉ ፓምፖች ላይ የሚገኘው ቁጥር በአብዛኛው ከ100 እስከ 200 ኦም ባለው መካከል ነው። መለኪያው ምንም መተላለፍ እንደሌለ ካሳየ ሽቦው ውስጡ ተበጥሷል፤ ወደ ዜሮ የተጠጋ ቁጥር ካሳየም ሽቦው ተቃጥሎ ተያይዟል። በሁለቱም መንገድ ፓምፑ ይለወጣል።

ቁጥሩ ደህና ሆኖ፣ መዘውሯም ሙሉ ሆና፣ ፓምፑ ግን ጸጥ ካለ፣ ችግሩ በሽቦው መሥመር ወይም በካርዱ ላይ ነው። ኤሌክትሪክ እያለፈ መለካት ለሠለጠነ ሰው የሚተው ሥራ ስለሆነ፣ ያን ጊዜ ባለሙያ ይጠራል። ቢሆንም ባለሙያው ሲመጣ «ማጣሪያውን አጽድቻለሁ፤ ፓምፑ ይህን ያህል ኦም አሳይቷል» የምትል እመቤት ያገኛል። እንዲህ ለምታውቅ ሰው ያልተበላሸውን ተበላሽቷል ማለት ቀላል አይሆንም።

ፓምፑን መለወጥ

አዲሱን ፓምፕ ለመግዛት አሮጌውን አውጥቶ ወደ መለዋወጫ ሱቅ ይዞ መሄድ ከሁሉ የተሻለ ነው። ተመሳሳይ መስለው የማይገጥሙ ብዙ ፓምፖች አሉ። የሚተያዩት ነገሮች አራት ናቸው፤ እነርሱም በላዩ ላይ የተጻፈው ቮልትና ዋት፣ የማሰሪያ ብሎኖቹ ቁጥርና ቦታ፣ የሽቦ መሰኪያው ዓይነት፣ እንዲሁም የመዘውሯ ስፋት ናቸው።

ለሥራው ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ባትሪ መብራት፣ ጨርቅና ሳህን ይበቃል። መኪናው ውስጥ ያለው ውሃ ሁሉ ከወጣ በኋላ እንደ መኪናው አሠራር በሥሩ፣ በፊቱ ወይም በጀርባው ያለው ክዳን ይፈታል። በብዙዎቹ ወደ ፓምፑ የሚደረሰው በሥር በኩል ነው። የልብስ ማጠቢያ መኪና ሲሽከረከር እንዳይዘል በውስጡ የሲሚንቶ ክብደት ስላለው 60 ኪሎና ከዚያ በላይ ሊመዝን ይችላል። ስለዚህ ለብቻ ለማዘንበል መሞከር አደገኛ ነው። ሁለት ሰዎች ሆነው፣ የሳሙና ማስቀመጫውን መሳቢያ አስቀድመው አውጥተው፣ ብርድ ልብስ ላይ በጎኑ ወይም በጀርባው ቀስ አድርገው ያስተኙት።

ምንም ነገር ከመፈታቱ በፊት በስልክ ፎቶግራፍ ማንሣት፣ የቱ ሽቦ የት እንደነበረ ለማስታወስ ይረዳል። ከዚያም የሽቦው መሰኪያ ይላቀቃል፤ ሽቦው ሳይሆን መሰኪያው ራሱ ተይዞ ይጎተታል። በአንዳንዶቹ ፓምፑ ከማጣሪያው ቤት ጋር በሦስት ብሎኖች ተይዟል፤ በሌሎቹም ትንሽ ዘወር ሲደረግ ይላቀቃል። ከማጣሪያው ቤት ጋር አብሮ የሚወጣ ከሆነም የሁለቱ ቱቦዎች ማሰሪያ በፒንሳ ተላልቶ ቱቦዎቹ ይነቀላሉ። የቀረ ውሃ ሊፈስ ስለሚችል ጨርቅ ከሥር ይደረግ።

አዲሱ ፓምፕ ከመግጠሙ በፊት ቦታው በጨርቅ ይጠረጋል። በፓምፑና በማጣሪያው ቤት መካከል የሚገባው የጎማ ቀለበት ሳይጣመም መቀመጡ ይታያል፤ ውሃ የሚያንጠባጥበው በአብዛኛው በዚህ በኩል ነውና። ብሎኖቹ በተራ በተራ፣ ፕላስቲኩ እንዳይሰነጠቅ በልክ ይጠብቃሉ። ከዚያ ቱቦዎቹና መሰኪያው ይመለሳሉ። ሁሉም ተገጥሞ፣ ክዳኑ ተመልሶ፣ መኪናው ቀጥ ብሎ ከቆመ በኋላ በጥቂት ውሃ ይሞከራል። ከሥሩ ደረቅ ጋዜጣ ቢነጠፍ፣ አንዲት ጠብታ እንኳ ብትወርድ ወዲያው ትታያለች።

ባልደረባችን ፓምፑን የገዛችው ሰኞ ከሥራ በኋላ መርካቶ ሄዳ ነው። የከፈለችውም ጠጋኙ ከጠየቃት ከስምንት እጅ አንዱን አይሞላም ነበር። ሽማግሌው ጎረቤቷ አጠገቧ ወንበር ላይ ተቀምጠው ከማየትና አንድ ጊዜ «ቀለበቱን ተመልከቺ» ከማለት በቀር እጃቸውን አላስገቡም። ሥራው በአንድ ሰዓት ተኩል አለቀ።

የዕቃ ማጠቢያ ላላቸው

የሳህንና የብርጭቆ ማጠቢያ መኪና ባለባቸው ቤቶች፣ እንዲሁም በሆቴልና በምግብ ቤት ለሚሠሩ እኅቶችም ይኸው ቅደም ተከተል ያገለግላል። የዚህኛው ማጣሪያ የሚገኘው በመኪናው ውስጥ፣ ከታችኛው መደርደሪያ ሥር ነው። ጠላቱም ሳንቲም ሳይሆን የብርጭቆ ስባሪ፣ የአጥንት ፍንካች፣ የጥርስ መፋቂያ እንጨትና ከጠርሙስ ላይ የተላቀቀ ወረቀት ነው። በማጣሪያው ጉድጓድ ውስጥ ብርጭቆ ሊኖር ስለሚችል ያለ ወፍራም ጓንት እጅ አይገባም። ውሃው በጨርቅ ወይም በኩባያ ተቀድቶ ከወጣ በኋላ፣ ከማጣሪያው ሥር የፓምፑ መዘውር ሽፋን ይታያል። እርሱ ሲነሣ መዘውሯን የያዘው ነገር ብዙ ጊዜ እዚያው ይገኛል።

እንዳይደገም

አንድ ፓምፕ በጥንቃቄ ከተያዘ ለብዙ ዓመታት ያገለግላል። ጥንቃቄው ደግሞ ገንዘብ የማያስወጣ ነው።

ልብስ ወደ መኪናው ከመግባቱ በፊት ኪስ ሁሉ ይገልበጥ። ይህም የአጣቢዋ ሥራ ብቻ መሆን የለበትም፤ ልብሱን ያወለቀ ሰው ሁሉ ኪሱን የመፈተሽ ኃላፊነት አለበት። ልጆችም ከሕፃንነታቸው ይህንን ይልመዱ።

የነጠላና የጋቢ ዘርፍ፣ የሕፃናት ካልሲ፣ ሽቦ ያለው የጡት መያዣ በወንፊት ከረጢት ውስጥ ተደርጎ ይታጠብ። ከረጢቱ ከሌለ የትራስ ልብስ አፉን አስሮ መጠቀም ይቻላል።

ለእጅ ማጠቢያ የተሠራ ዱቄት ሳሙና ብዙ አረፋ ያወጣል። ፓምፑ ውሃ እንጂ አረፋ መግፋት ስለማይችል ለመኪና የተሠራውን፣ ያውም በልኩ መጠቀም ያሻል።

ማጣሪያው በወር አንድ ጊዜ ይከፈትና ይታጠብ። ሕፃናት ባሉበት ቤት ከዚህም ቶሎ ቶሎ ቢሆን ይመረጣል።

መብራት ሲጠፋ የመኪናው ሶኬት ይነቀል፤ ተመልሶ ኃይሉ እስኪረጋ ጥቂት ደቂቃ ይጠበቅ። ከፍና ዝቅ የሚል ኃይል የፓምፑንም የካርዱንም ዕድሜ ያሳጥራል።

ጥፋተኛው ማን ነበር?

አሁን ወደዚያች ቤት እንመለስ። ያ ቅዳሜ ምሽት፣ ሁለቱ ሳንቲሞች፣ ቁልፉ፣ የፀጉር መርፌውና የተሰበረው ክንፍ በአንድ የቡና ሲኒ ማስቀመጫ ላይ ተደርገው ጠረጴዛው ላይ ተቀመጡ። አባወራው ሲገባ አያቸው። ሳንቲሞቹን አንሥቶ አገላበጣቸውና ለጥቂት ጊዜ ዝም አለ። «የእኔ ናቸው» አለ በመጨረሻ። ባለቤቱም «መርፌው ደግሞ የእኔ ነው» አለችው።

ወጣቷ በማግሥቱ ጠዋት ቡና ስታቀርብ፣ እናትየዋ አጠገቧ አስቀመጠቻት። «ትናንት ሳላጣራ አዘንኩብሽ፤ አንቺ አላጠፋሽም። ይቅር በይኝ» አለቻት። ወጣቷ መልስ አልሰጠችም፤ ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። አባወራውም ደመወዟ እንደማይቀነስ ከራሱ አንደበት ነገራት። ያን ቀን የልጆቹ የደንብ ልብስ በሳፋ፣ በእጅ ታጠበ፤ ሦስቱም አብረው ነው ያጠቡት።

በየቤታችን በሠራተኛነት የሚረዱን ወጣቶች ብዙዎቹ ከወላጆቻቸው ርቀው የሚኖሩ ናቸው። አንድ ዕቃ ሲሰበር ወይም ሲበላሽ መጀመሪያ የሚጠሩት እነርሱ ናቸው፤ የሚከራከርላቸው ሰው ግን አጠገባቸው የለም። ከደመወዛቸው የሚቀነሰው ገንዘብ ለእኛ ጥቂት ቢመስልም፣ ለእነርሱ ለእናታቸው ሊልኩት ያሰቡት፣ ወይም ለማታ ትምህርት መክፈያ ያጠራቀሙት ሊሆን ይችላል።

ስለዚህ እናቶችና እኅቶች፣ መኪናው ውሃውን አልተፋ ሲል አስቀድማችሁ ሶኬቱን ንቀሉ፤ ቀጥላችሁ ድምፁን አስታውሱ፤ ቱቦውን እዩ፤ ማጣሪያውን ክፈቱ። «ማን አበላሸው?» የሚለው ጥያቄ የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ መልሱ በሳህኑ ላይ ተቀምጦ ይገኛል። በባልደረባችን ቤት ዛሬ ከልብስ ማጠቢያው መኪና ላይ አንዲት ትንሽ ቆርቆሮ ተቀምጣለች። ኪሱን ፈትሾ ሳንቲም ያገኘ ሁሉ እዚያ ይጥላል፤ ስትሞላም ገንዘቡ የወጣቷ ነው።